ንፋስ እንዳይገባ

የቻይና ሐኪሟ መጀመሪያ ያየችው ምላሴን ነው። የራሷን አውጥታ እያሳየችኝ "አውጪው" አለችኝ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን ተራ በተራ አንጓቸው ላይ በሦስት ጣቷ ያዘችና ዓይኗን ጨፍና የደም ሥሬን ታዳምጥ ጀመር። ክፍሏ ኦክላንድ ከተማ፣ ቻይና ታውን በሚባለው የቻይኖች ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አትክልት መሸጫ በላይ ነው። ከታች ሰው ጎመን እያማረጠ ሲከራከር ይሰማል። የምትለኝ ነገር ጠፍቷት ይሆን እያልኩ ጠበቅኩ።

"ንፋስ ነው" አለችኝ በመጨረሻ። እንግሊዝኛዋ እንደኔው የተቆራረጠ ስለሆነ ተግባባን። "ንፋስና ብርድ። በዚህ ነው የሚገባብሽ።" ጣቷን ማጅራቴ ላይ አሳረፈች።

ሳቄ መጣ። እኛ ቤትም ጠዋት ማታ የሚወራው ይኸው ነበር።

ወደ እሷ የወሰደችኝ ሆቴል አብራኝ ታጸዳ የነበረች ቻይናዊት ናት። አስም የሚባል ነገር የጀመረኝ እዚያ ሆቴል ነው። መታጠቢያ ቤት የምናጥብበት ኬሚካል መጀመሪያ ያስነጥሰኝ ነበር፤ ቀጥሎ ያስለኝ ጀመር፤ በኋላ አልጋ እያነጠፍኩ መሀል ላይ ቁጭ ማለት አመጣሁ። የሆስፒታሉ ሐኪም "ይህን ሥራ ተይ" አለኝ። ተውኩት። ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ሥራ ፈለገልኝ። እናቱ ስኳርም የጉልበት ሕመምም አለባቸው፤ ካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ ቤት ውስጥ ለሚንከባከባቸው ሰው ይከፍላል። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ባለቤቴ የኤርፖርት መንገደኛ የሚጭን ሹትል እየነዳ ቀኑን ሙሉ በኦክላንድና በሳንሆዜ መሀል ሲመላለስ፣ እኔና አማቴ መኪና ከማይቋረጥበት ፍሪዌይ አጠገብ ባለች ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ተፋጥጠን እንውላለን።

አማቴን እማማ ነው የምላቸው። ደግ ሴት ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የማወራውን ሰው እንዳያጣምምብኝ ነው።

ያን ቀን ስመለስ ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸው። ከተቀመጡበት ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም።

"ይኸው! እኔ ስናገር ማን ሰምቶኝ! ቻይናዋ እንኳ አወቀችው!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ታሸገ። የመስኮቱን ጠርዝ ባለቤቴ በፕላስተር ለጠፈው፤ በሩ ሥር ፎጣ ተጠቅልሎ ተደረገ። የኩሽናው ማራገቢያ ብርድ ይስባል ተብሎ ቆመ። ሐኪሟ የበረዶ ውኃ አትጠጪ፣ ወተት ቀንሺ፣ አንገትሽን ሸፍኚ፣ ጠዋት ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ፣ ከተማው መሀል ባለው ሐይቅ ዳር ቀስ እያልሽ ተራመጂ ብላኝ ነበር። እማማ መራመዱን ብቻ ትተው ሌላውን ሁሉ ተቀበሉ። ለሐይቁማ ምን ጊዜም ምክንያት ነበራቸው። አንዴ ጤዛ ነው፣ አንዴ የሰደድ እሳት ጭስ ነው፣ አንዴ ደግሞ "ጉልበቴ ዛሬ ጠንቶብኛል፣ ብቻዬን ትተሽኝ ነው?" ይሉኛል። ጉልበታቸውን መጠበቅ ሥራዬ ስለሆነ እቀራለሁ።

ሐኪሟ የምትሰጠኝን መድኃኒት የሚያፈሉልኝም እሳቸው ነበሩ። የደረቀ ቅርፊት፣ ሥርና ገለባ የመሰለ ነገር በወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጠኛል፤ ድስቱ ላይ ሲንተከተክ ዝናብ የመታው አሮጌ እንጨት ይሸታል። እኔ ልንከባከባቸው የተቀጠርኩት ሴትዮ በምርኩዝ ቆመው ሲያማስሉልኝ ይውላሉ፤ ጨልጬ እስክጠጣው ድረስም አጠገቤ ይቆማሉ። ስልክ ሳወራ ሳቅ ካበዛሁ "ተይ፣ ያስነሣብሻል" ይሉኛል። ሻወር ቤት ከቆየሁ በሩን ያንኳኳሉ። ከቀትር በኋላ ጋደም ካልኩ ትንፋሼን ለማዳመጥ መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን እዚያ መሆናቸውን አውቃለሁ።

ባለቤቴ ማታ ሲገባ እሳቸውን ነው የሚጠይቀው። "እንዴት ዋለች?"

"ደህና ናት። ከሰዓት ደረቷ ትንሽ አፏጨባት።"

እኔ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ።

ነገር ግን ተሽሎኝ ነበር። በዝንጅብሉ ይሁን ሐኪሟ ጀርባዬ ላይ በምትተክልልኝ መርፌ ወይም ከሆቴሉ በመራቄ አላውቅም፤ ደረቴ ላላ። እማማ ይህን ባዩ ጊዜ ሆስፒታል ያዘዙልኝን፣ ጠዋትና ማታ የምስበውን የአስም መከላከያ ፓምፕ ከፊቴ ማንሣት ጀመሩ። "ይህ ነገር ያስለምድሻል። እንግዲህ ቅጠሉ ከያዘልሽ ምን ያደርግልሻል?" የሚከራከራቸው አልነበረም። እኔም ደክሞኝ ነበር። መጀመሪያ የማታውን ተውኩ፤ ከዚያ የጠዋቱንም።

የሆነው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። የእማማን ስኳር ለክቼ ዕቃውን ስመልስ ደረቴ ተቆለፈ። ሰው አስም አየር ማጣት ይመስለዋል። ለእኔ እንደዚያ አይደለም፤ አየሩ ይገባል፣ አልወጣ የሚለው ነው። ሌላ ለመሳብ ቦታ የለኝም፤ ያለውንም ማስወጣት አልችልም። ለጭንቅ ጊዜ የሚሆነውን ፓምፕ ሳብኩ፣ ደገምኩ። አልያዘልኝም። ወደ መስኮቱ ሄድኩና ፕላስተሩን በጥፍሬ መቧጠጥ ጀመርኩ።

"ኧረ ንፋስ ይገባብሻል!" ብለው እጄን ያዙኝ። የሚያደርጉትን የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ጀርባዬን እያሹ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ይላሉ። መናገር አልቻልኩም። ስልኩን ሰጠኋቸው። በሚያውቁት ጥቂት እንግሊዝኛ አምቡላንስ የጠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ይህንንም አልረሳውም።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ያየችኝ ወጣት ሐኪም መከላከያውን እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መተዌን ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። የተቆጣችኝ የቻይናዋ ናት።

"ፓምፕ ተይ ብያለሁ?" አለችኝ መርፌዎቿን አስቀምጣ። "መቼ ነው ያልኩሽ? የእኔ መድኃኒት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ደረትሽ ሲዘጋ ቀስ የሚባል ጊዜ የለም። የሆስፒታሉን በየቀኑ ትወስጃለሽ፤ የእኔንም ምን እንደሆነ ለእነሱ ትናገሪያለሽ። አለዚያ ወደዚህ አትምጪ።" ቀጥላም "የምትተኚበትን ክፍል አሳዪኝ" አለች።

ስልኬ ላይ ፎቶ ነበረኝ። እማማ አልጋዬ ላይ ተቀምጠው ልብስ ሲያጥፉ ያነሣኋቸው ነው። እሷ እማማን አላየችም። ጣቷን ከአልጋው ራስጌ በላይ፣ የግድግዳው ማዕዘን ላይ ጠቆር ያለ ነገር ላይ አደረገች። እኔ ጥላ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ከባለቤቴ ጋር አልጋውን ሳብነው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ በሻጋታ ጠቁሯል። የድስቱ እንፋሎት፣ የሻወሩ፣ የእኛው ትንፋሽ፣ መውጫ አጥቶ እዚያ ተጠራቅሟል። ባለቤቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "እኔው ነኝ የለጠፍኩት" አለ።

የሕንፃው ማኔጀር ሰው ልኮ በላዩ ላይ ቀለም አስቀባበት። የቀለሙን ሽታ ስለማልችለው ሳንሆዜ እህቴ ጋ ሄድኩ። የእማማን ሥራ ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ ያዘልኝ። የእህቴ ቤት ከመንገድ ገባ ያለ ነው፤ ኋላው ላይ የሎሚ ዛፍ ያለባት ጓሮ አለችው። ቀን ሁሉም ወደ ሥራ ሲሄዱ ብቻዬን እቀራለሁ። በሩን ከፍቼ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። ማንም እንዴት ነሽ አይለኝም። ፓምፔን ጠዋትና ማታ እስባለሁ፣ ዝንጅብሌን እጠጣለሁ፣ ሰፈሩን ዞሬ እመለሳለሁ። ደረቴን የረሳሁባቸው ሰዓታት ነበሩ።

"ቅሪ" አለችኝ እህቴ ሳምንቱ ሲያልቅ። "ክፍሉ አለ። ምን ያስቸኩልሻል?"

"ሥራዬስ?"

"ሌላ ሥራ የለም?"

"ባለቤቴስ?"

ባለቤቴ ሊወስደኝ ሲመጣ በሹትሉ ነው የመጣው፤ ባዶ መቀመጫዎቹ መሀል ገባሁና ወደ ሰሜን ተመለስን። መንገድ ላይ ያለችውን የሄይዋርድን ከተማ ስናልፍ ጭንቀት ይሁን አስም ያልለየሁት ነገር ደረቴ ላይ ተቀመጠ። አልነገርኩትም።

ቤት ስገባ እማማ አቀፉኝና አለቀሱ። እራት ከበላን በኋላ እስከዛሬ ያላልኩትን ነገር አልኳቸው።

"እማማ፣ መስኮቱ መከፈት አለበት።"

"ብርዱስ?"

"ያመመኝ መዘጋቱ ነው።"

ፊታቸው ተለወጠ። "እኔ ነኝ ያሳመምኩሽ በይ።"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ብለሻል።" ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉት። ባለቤቴ ሁለታችንንም ሳያይ ሳህኑን ማጠብ ጀመረ።

በማግሥቱ ጠዋት ፕላስተሩን ላጥኩት። የገባው አየር ንጹሕ ነው አልልም። ፍሪዌዩ እዚያው ነው፤ የመስኮቱን ደፍ ስጠርገው ጨርቁ ይጠቁራል። የከባድ መኪናው ነገር ሳይብስ ማለዳ ላይ ትንሽ እከፍተዋለሁ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ። የሰደድ እሳቱ ጭስ ወቅት ሲመጣ ጭራሽ አይከፈትም። እማማ እስክዘጋው ድረስ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ተከናንበው ክፍላቸው ይቆያሉ፤ ቁርስ ላይ ግን ያነጥሱብኛል። ሻጋታው ከቀለሙ ሥር ተመልሶ መጥቷል። በአቼቶ እጠርገዋለሁ፤ ይመጣል። ሌላ ቤት እየፈለግን ነው፤ መፈለጋችንን ካልተውን።

ቻይና ታውን መሄዴን ግን አላቆምኩም። መርፌው ምን ያህል እንደሚረዳኝ ለመማል አልችልም። ሐኪሟ መርፌዎቹን ጀርባዬ ላይ ተክላ ሞቅ ያለ መብራት ታበራልኝና ትወጣለች። ሳልንቀሳቀስ በደረቴ ተኝቼ እቆያለሁ። በሩን የሚያንኳኳ የለም። ባለፈው ጸደይ ይህን ለባለቤቴ ነግሬው ነበር፤ ልቤን ሊያሳርፍልኝ ፈልጎ ይሁን ለእናቱ አዝኖ እንጃ፣ "ታዲያ ለእማዬም ጉልበት ይረዳ የለ?" አለኝ።

አሁን አብረን ነው የምንሄደው። ሐኪሟ ጋ በሁለቱ አልጋዎች መሀል መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። ባለፈው ሐኪሟ ወጥታ ጸጥ እንዳለ፣

"ልጄ" አሉኝ ከመጋረጃው ወዲያ።

"አቤት፣ እማማ።"

"ትተነፍሻለሽ?"

"እተነፍሳለሁ።"

"ድምፅሽ ሲጠፋብኝ እኮ ነው።"

"እዚህ ዝም ነው የሚባለው፣ እማማ።"

እሳቸው ግን አልቻሉበትም። ጉልበታቸው ላይ ያለው መርፌ የቱ ጋ እንደሆነ፣ መብራቱ እንደሚሞቅ፣ ሴትዮዋ እጇ ቀላል እንደሆነ ይነግሩኝ ጀመር። ጀርባዬ በሙሉ መርፌ ነው፤ መዞር አልችልም። ፊቴን ትራሱ ቀዳዳ ውስጥ እንዳደረግሁ "እሺ፣ እማማ" እያልኩ ሐኪሟ እስክትመለስ አዳመጥኳቸው።