ሰፈራችን ከላይ ሲታይ

አባቴ ከወናጎ ዲላ ድረስ ሊጠይቀኝ የመጣ ዕለት፣ ወናጎ በቡናችን መሃል ያለውን ቤታችንን ከላይ ላሳየው ብዬ በኮምፒውተሬ እውነተኛውን ዓለም የሚያሳይ የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም ከፈትኩ። ከአብራሪው ወንበር ሲታይ የአውሮፕላኑ አፍንጫ መሬቱን ጋረደብን፤ የጌሙን ካሜራ ከአውሮፕላኑ ውጭ አወጣሁት። ፍጥነትና ከፍታ የሚያሳዩት ቁጥሮችም ስክሪኑን ሞልተውት ስለነበር አጠፋኋቸው። ዋናውን መንገድ ተከትዬ ወናጎ ደረስኩ። ሰፈራችን ላይ ብዞር ብዞር ከዛፍ በቀር የሚታይ ጠፋ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ጫካ ነው ብለው ደምድመው አንድ ቤት እንኳ አላስቀመጡም። በሸቅሁ።

“አባዬ፣ ቤታችንን ረስተውታል” አልኩት።

አንገቱን አስግጎ አረንጓዴውን ሲያይ ቆየ።

“እሰይ” አለ። “ቤቱ ከላይ ከታየማ ቡናችን ጥላ አጥቷል ማለት ነው።”