በእኔ ወሬ የተሸጠች ሳንቲም

ስለ ድሮ የፈረንሳይ ሳንቲሞች ማንም አላስተማረኝም። ከላይብረሪ መጽሐፍ እየተዋስኩ፣ ያልገባኝን ዩቲዩብ ላይ እያየሁ ነው ያወቅኩት። ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ አብራኝ የምትኖረው ጎረቤቴ ግን ብር ከቆርቆሮ አትለይም። ዳውንታውን የሳንቲም ባዛር ሲከፈት፣ ብቻዬን ከምሄድ ብዬ ይዣት ሄድኩ።

እዚያ አንዲት ግሮ የምትባል የድሮ የፈረንሳይ የብር ሳንቲም አየሁ። ከእጄ ላወርዳት አልቻልኩም። ዋጋዋ ከብዶኝ ሳመነታ ለጎረቤቴ ማውራት ጀመርኩ።

«ያኔ ማሽን የለም። ብሩን በሁለት ማተሚያ መሀል አድርገው በመዶሻ ነው የሚመቱት፤ አንዷ ሌላዋን አትመስልም። ከዚህች በፊት ደኒዬ የምትባል ስስ ሳንቲም ነበረች። ነገሥታቱ መዳብ እየጨመሩባት ጠቆረች። ይቺ ስትመጣ አንዷ አሥራ ሁለት ደኒዬ ተካች፤ ነጋዴውም ከረጢት ሙሉ ጥቁር ሳንቲም ከመሸከም ዳነ።»

ጎረቤቴ ሰማችኝና ካርዷን አውጥታ ሻጩ ማሽን ላይ ታፕ አድርጋ ገዛቻት።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«አንቺ እንዲህ ካወራሽላት ጥሩ ነገር ብትሆን ነው።»

እኔ አንዲት ጥቁር ደኒዬ ገዝቼ ተመለስኩ። ባስ ላይ ዓይኔ ከቦርሳዋ አልተነቀለም። ከዚያ ወዲህ ጨው አለቀብኝ እያልኩ በሯን አንኳኳለሁ፤ ጨው የሞላው ቤት እያለኝ። «ሽጪልኝ» ስላት «እስቲ ላስብበት» ትለኛለች። እኔም ተስፋ አደርጋለሁ።

ልጇን የዳረች ቀን ሙሽራዋን ልስም ጎንበስ ስል ግሮዋን አንገቷ ላይ አየኋት። ልክ እንደ ጠገራ ብር አስበስታ አንጠልጥላላታለች።

«ምነው አበላሸሻት? የተበሳ ሳንቲም እኮ ዋጋው ይወድቃል።»

«ልሸጣት ነው እንዴ? ብር ለሙሽራ አንገት ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?»

የእኔዋ ደኒዬ መሳቢያ ውስጥ በፕላስቲክ ታሽጋ ተኝታለች። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።

በሳምንቱ ደኒዬዬን ላስበሳ ይዤ ዳንፎርዝ ሰፈር፣ ግሮዋን ወደ በሳላት ወርቅ ሠሪ ሄድኩ። በጣቶቹ መሀል ገልበጥበጥ አደረጋት።

«እህቴ፣ ይቺ መዳብ የበዛባት ስስ ናት፤ ብትበሳ ትሰበራለች።»

«የጎረቤቴስ እንዴት ቻለች?»

«እሷማ ብር ናት» አለኝ፣ የማላውቅ መስሎት ሊያስረዳኝ።

ብር መሆኗንማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል።