በሰርግ ዜማ

በጉባኤ ፊት አቁሞ ያዋረደኝ ወንድም ዘለቀ ይባላል፤ የመዘምራን መሪያችን ነበር። ደርግ ወድቆ፣ ቦንጋ ውስጥ የታሸጉት ጸሎት ቤቶች ተከፍተው፣ መዝሙር ከየሱቁ ቴፕ በግልጽ መሰማት የጀመረ ሰሞን ነው። እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

ባለፈው እንሰት በሚፋቅበት ጓሮ በኩል ሳልፍ ያ እርጥብ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲያገኘኝ ትዝ ያሉኝ ግን ጎረቤታችን እትዬ ማሚቴ ናቸው። ለዘለቀ ትዝታ አላባክንም።

እትዬ ማሚቴ እንሰቱን ጋደል ባለ ጣውላ ላይ በእግራቸው ረግጠው ይዘው በቀርከሃ ይፍቁ ነበር። እየፋቁ ያዜማሉ። በአካባቢያችን ያለ እሳቸው ሰርግ አይደምቅም፤ ሙሽራ ሸኝተው ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘግቶ በእጅ ምልክት ነበር የሚያወሩት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ እኛ ቤተ ክርስቲያን መጥተው የጥምቀት ትምህርት ጀመሩ። ታዲያ ሙሽራ የሚቀበሉበትን ዜማ ቃሉን ለውጠው፣ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ፣ ለኢየሱስ አደረጉት።

«ሙሽራው እሱ ነው ትሉ የለ? ለማን ላስቀምጠው?» አሉኝ።

ከነጭብጨባው ተማርኩት። አንድ እሑድ ተራዬ ሲደርስ እሱኑ ዘመርኩ። ከገጠር የመጡት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ዘለቀ ማይኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ይህ የዓለም ዘፈን ነው! ነገ ደግሞ ጠጅ ልታስገቢልን ነው?»

ሰው ሳቀ። የእሱ መዝሙሮች ኪቦርዱ ውስጥ ተሠርቶ በመጣ የፈረንጅ ጭፈራ ምት የሚሄዱ ነበሩ። አንዷን ቁልፍ ሲጫን ጸሎት ቤቱ ጭፈራ ቤት ይመስላል። ያ ቅዱስ ነው። ያረከሰን የእናቶቻችን ጭብጨባ ነው።

«ከማን ተማርሽው? ተናገሪና ጉባኤውን ይቅርታ ጠይቂ» አለኝ። 

«ከእኔ ነው» አሉ እትዬ ማሚቴ ከኋላ ተነሥተው። «ጠጁንም ያስገባው ራሱ ጌታ ነው። ሰርግ ቤት ሄዶ ውኃውን ወይን አደረገ ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

አሁን የሳቁት እናቶች ነበሩ። ዘለቀ ያን ሳቅ ይቅር አላለም። እኔ ይቅርታ አልጠይቅም ስላልኩ ከመዘምራን ተባረርኩ። እሳቸውን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰርግ መምራት ካልተዉ አይጠመቁም አሏቸው።

«ታዲያ ልጆቹን ማን ይዳርልኝ?» ብለው ወጡ። ሰርጉንም አልተዉ፤ ኢየሱስንም አልተዉ። ሳይጠመቁ እንሰታቸውን እየፋቁ፣ በዚያው ዜማ እየጠሩት አረጁ። እኔም አድጌ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ከሥራ ስመለስ አጥራቸው ሥር ቆሜ እሰማቸው ነበር። የጸሎት ቤቱን ደጅ ግን ዳግም አልረገጥኩም።

የሞቱ ዕለት ዘለቀ ሸብቶ፣ እሱም ሽማግሌ ሆኖ፣ ቀብሩ ላይ መጣ። «የስንብት መዝሙሩን እኔ ልምራ» አለ። ቀድሜው መቃብሩ ራስጌ ቆምኩና እያጨበጨብኩ የእሳቸውን ጀመርኩ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ።

ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ ይበቃል፤ ቀብር እኮ ነው» አለኝ።

እስከ መጨረሻው ዘመርኩት። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።