አናጢው የገነባው ዳታቤዝ

ስክሪኑ ላይ ሲወርድ የነበረው ጽሑፍ ቆመ። የመጨረሻው መስመር ቀይ ነበር።

«ደግሞ?» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባው።

«ፕሮግራሙ የሚደገፍበት አንድ ላይብረሪ ጠፍቷል። አገኘዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ጠዋትም እንደዚሁ ብለውኝ ነበር።»

የሆስፒታሉ ሰዎች «አናጢው» ይሉታል። የካርድ ክፍሉ ዳታቤዝ የእሱ ሥራ ነው። ሌላው ሰው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ሲፈልግ ተገንብቶና ተፈትሾ የሚመጣውን ፓኬጅ በአንድ ትእዛዝ ይጭናል፤ ማሻሻያውም በዚያው መንገድ ይደርሰዋል። አናጢው ግን ሶፍትዌሩ የተጻፈበትን ምንጭ ኮድ አውርዶ፣ የሚፈልገውን መርጦ፣ ራሱ ኮምፓይል እያደረገ ወደሚሠራ ፕሮግራም ይቀይረዋል። ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ሥራው ከሀ ይጀመራል። ከእሱ በቀር የሞከረው የለም።

ምክንያት ነበረው። ሥራ ሲጀምር ፓኬጁ የታማሚዎችን መረጃ አያመሰጥርም ነበር። መረጃው ወደሚያልፍበት መስመር የተጠጋ ሁሉ ማን ምን እንዳመመው ማንበብ ይችል ነበር። ስለዚህ ምስጠራውን ጨምሮ ገነባው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፓኬጅ ለሚያነሳበት ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ አልለብስም።»

አሁን ግን ልጁ ልትወልድ ነው። የመጀመሪያዋ ነው፤ የምትኖረውም ሩቅ ነው። ሚስቱ ሻንጣዎቹን ካወጣች ሰነበተች። ሥራ አስኪያጁ የእረፍት ጥያቄውን አልፈርምም ብሏል።

«እርስዎ በሌሉበት ማሻሻያ ቢመጣ ማን ይሠራዋል?»

ይኸው የደህንነት ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ መጥቶ፣ እሱ ራሱ እያለም አልገነባ ብሏል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ ደወለች። ድምፅዋ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል።

«ፈረመ?»

«ይቺን ልጨርስና።»

«ቁም ሳጥኑንም ልጨርስና ብለህ ነበር። በሩ እስከዛሬ በገመድ ይታሰራል።»

«እሱ የማጠፊያው ጥፋት ነው።»

«ልጅህ ማጠፊያ እስኪገኝ አትጠብቅህም፣ የኔ ጌታ።» ዘጋችበት።

ባልደረባው ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ጋሼ፣ ፓኬጁን መሞከሪያው ማሽን ላይ ልጫነው? ካልወደዱት አጠፋዋለሁ።»

«ጫኚው። ምስጠራ የለውም፤ ታያለሽ።»

አንድ ትእዛዝ ጻፈች። ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጭነቱ አለቀ። ኪቦርዱን ወደ እሱ ገፋች።

«በምን እንደተሠራ ሶፍትዌሩን ራሱን ይጠይቁት።»

ጠየቀው። ረጅም ዝርዝር ወጣ። ምስጠራው ከላይ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

የለውጦቹን ታሪክ ከፈተች። «እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሳልጨርስ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሁሉም ያውቃል፣ ጋሼ። እርስዎም እያወቁ የተዉት መስሎን ነው።»

ከዚያ በመሞከሪያው ማሽን መስመር የሚያልፈውን መረጃ ቀድቶ አየ። የሚነበብ አንድም ስም አልነበረም። ሌላ መንገድም ሞከረ፤ ያው ነው።

«መረጃውን ቅጂልኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ታማሚ ሲቀንስ የካርድ ክፍሉን ሥራ ለጊዜው አስቆመው፣ ፓኬጁን ዋናው ሰርቨር ላይ ጭነው መረጃውን አዛወሩ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ የጥቂት ሰዎችን ካርድ እያወጣች ከወረቀቱ ጋር አስተያየች።

«ምን ተለወጠ?» አለች።

«ምንም» አለ አናጢው።

«ታዲያ ለምን አስቆማችሁኝ?»

ባልደረባው እሱ የገነባው ሶፍትዌር ያለበት የድሮው ዶሴ ላይ ጠቋሚውን አሳረፈች። «ይሄን ላጥፋው?»

«ስመለስ።»

«ጋሼ!»

«ስመለስ አልኩሽ እኮ።»

ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ ፈረመ። አናጢው ልጁ ዘንድ በነበረበት ጊዜ ሁለት ማሻሻያዎች መጥተው ተጫኑ። ከቢሮ የተደወለለት አንድ ጊዜ ነው፤ የፕሪንተሩ ቀለም የት እንደተቀመጠ ለመጠየቅ።