የተደፋው ጠበልና ያልተደፋው ገንዳ

ተጽፎ እንዲቀመጥ የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ ትል አለበት ተብሎ የልጄ ጠበል መሬት ላይ ሲደፋ፣ ያው ትል የሚርመሰመስበት የአሠሪዎቼ ገንዳ አልተነካም። ነገሩ የሆነው ጅቡቲ ነው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ዓመት በኋላ።

ያኔ ባሌ ሞቶ፣ ከአንዲት ልጄ ጋር ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ቀን ቀን ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ አንድ ፈረንጅ ነጋዴ ቤት እሠራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፈረንሳይኛ የለቀምኩት ወጥ ቤት። በዚያችው ፈረንሳይኛ ምክንያት የጤና ዘበኛው፣ አንድ ጎልማሳ ሶማሌ፣ ለሰፈራችን ሐበሾች እንዳስረዳለት ለመነኝ። እሺ ብዬ ከቤት ቤት አብሬው ዞርኩ።

“ወባን የምታመጣው ቢምቢ ናት፤ ቢምቢ ደግሞ የምትፈለፈለው ከቆመ ውሃ ነው። በርሜላችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ትል ካያችሁ ድፉ” እላለሁ።

“ወባ የቆላ ንዳድ ነው ስንል ኖረን፣ ያንቺ ፈረንጅ ሙሴ ትንኝ አደረጋት?” አሉኝ ጠጅ የሚሸጡት ጎረቤቴ። “ውሃው ከአምቡሊ ጉድጓድ በአህያ እስኪመጣ ስንት ቀን ነው? ደፍቼ ምን ልጠጣ፣ ባሕሩን?”

“ይሸፍኑት ነው ያልኩት፣ እማማ።”

“በነጠላዬ ሸፍኜ እኔ ራቁቴን ልሂድ?”

ሴቶቹ ሳቁብኝ። ግን ሸፈኑ፤ እማማም አሮጌ ነጠላቸውን ቀደው ሸፈኑ።

በዚያው ሰሞን ልጄን ወባ ያዛት። ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ያንቀጠቅጣታል፣ አንድ ቀን ይተዋታል። የወባ ኪኒን ስሰጣት ታስመልሰዋለች። የክርስትና እናቷ ከአገር ቤት ጠበል በማሰሮ አሽጋ በባቡር ላከችላት። በየጠዋቱ አጠጣታለሁ፣ ፊቷን አጥባታለሁ። የቀረኝ ተስፋ እሱ ብቻ ነበር። በርሜሌን ሸፍኜ ማሰሮውን ግን ክፍቱን ተውኩት። ጠበል አይተላም ብዬ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ሳስተምር የከረምኩት እኔ።

ዘበኛው ውሃችንን ሊመረምር መጣ። ማሰሮውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ አሳየኝ። ትሎቹ ይወራጫሉ።

“ዋላል፣ ይኼስ?” አለኝ፤ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለቱ ነው።

“የጸሎት ውሃ ነው። የልጄ መድኃኒት ነው።”

“ድፉ ያልሽው አንቺ ነሽ።”

ደጅ ወስዶ ደፋው። አሸዋው ወዲያው ጠጣው። ልጄ ከተኛችበት ሆና፣ “እማዬ፣ ነገ በምን ታጥቢኛለሽ?” አለችኝ።

ዘበኛውን አልከሰውም፤ ትሉ ነበር። ያቃጠለኝ በማግስቱ ሥራ ስገባ ያየሁት ነው። በእመቤቲቱ ግቢ ውስጥ ዙሪያውን አበባ የተተከለበት ክብ የድንጋይ ገንዳ ነበር። በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ ኖሬ ጎንበስ ብዬ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን አየሁ። ትሉ ውሃውን አጥቁሮታል።

“ትሉ እንዲሞት ላምባ ላፍስበት፣ ማዳም?” አልኳት።

“አበቦቼን ልትገድይ?” አለችኝ። እንጀራዬ በእጇ ነበርና ተውኩት።

በብርጭቆ ቀድቼ ለዘበኛው ወሰድኩለት። አየውና አንገቱን ደፋ። “የዚያን ግቢ በር እኔ አላንኳኳም። አለቃዬን ጠይቂ።”

አለቃው ፈረንጅ ነው። ብርጭቆዬን ይዤ ቢሮው ደጃፍ ቆምኩ፤ ነገ ነይ ተባልኩ። በማግስቱ ሄድኩ፤ አሁንም ነገ ተባልኩ። ትሎቹ ብርጭቆው ውስጥ ክንፍ አውጥተው በረሩ። ሌላ ቀዳሁ። ቤት ስመለስ ልጄን አቅፌ እቀመጣለሁ፤ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ደረቴ ላይ ይሰማኛል፤ ከማቀፍ በቀር የማውቀው አልነበረም። ለሦስተኛ ጊዜ ልሄድ ባልኩበት ሳምንት ዐረፈች።

አርባዋን ካወጣሁ በኋላ ጥቁሬን እንደለበስኩ እንደገና ሄድኩ። ያን ቀን አስገቡኝ። ብርጭቆውን አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ በወጥ ቤት ፈረንሳይኛዬ፣ “የእኔን ደፋችሁት። ይኼንንስ ማን ይደፋዋል?” አልኩት።

ከየትኛው ቤት እንደቀዳሁት ጠየቀኝ። ነገርኩት። ብርጭቆውን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ ረጋ ብሎ መለሰልኝ፤

“እሱ ውሃ እኮ ለጌጥ ነው፤ የሚጠጣው ሰው የለም።”