አበልጅ አንቺ አትልም

በድንበር ከተማዋ ዩማ ውስጥ ሊብራዳ ሳሙዲዮን የማያውቃት ሎሚ ለቃሚ አልነበረም፤ የምትታወቀውም በመልኳ ሳይሆን በድምፅዋ ነው። ባሏ ቾን፣ ዕድሜውን ሙሉ አጭር እጀታ ባለው መኮትኮቻ ሰላጣ ሲኮተኩት ወገቡ የተቆረጠ ሰው፣ «እኔን የጨረሰኝ መኮትኮቻው አይደለም፤ የዚች ሴትዮ ጩኸት ነው» እያለ ሰው ያስቅባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። የሥራ ማቆም አድማው ሲጀመር የለቃሚዎቹ ማኅበር የድምፅ ማጉያውን ያለ ብዙ ክርክር ለሷ ሰጣት። እኔን ከጠየቃችሁ ማጉያው አያስፈልጋትም ነበር።

ሎሚው የደረሰበት ወቅት ነው። ለቃሚው ሁሉ መቀሱን አስቀምጦ ወጣ፤ ባለ እርሻዎቹም ብዙ ሳይጨነቁ ከድንበሩ ሽቦ ማዶ ሰው ያስመጡ ጀመር። ጎህ ሲቀድ ሸራ የለበሱ የጭነት መኪኖች ይገባሉ፣ ሰው ያራግፋሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር የለም። የሎሚው ቅርንጫፍ መሬት ድረስ ይወርዳል፤ ለቃሚው እናቱ ቀሚስ ስር እንደገባ ልጅ ውስጡ ይጠፋል። አድመኞቹ የመስኖውን ቦይ እንዳይሻገሩ ደግሞ ዳኛ ከልክሏቸዋል። ስለዚህ ቦዩን የሚሻገረው የሊብራዳ ድምፅ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሠርቶ ነበር። «ወንድሞቼ፣ እኔም እንደናንተው ርጥብ ሆኜ ነው የገባሁት» ትላቸዋለች። ርጥብ የሚባለው ወንዙን ተሻግሮ ያለ ፈቃድ የገባ ሰው ነው፤ በባላንጣ አፍ ስድብ፣ በወዳጅ አፍ ቁልምጫ። ሰዎቹም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይወጡ ነበር። ቦሎቄ በበቆሎ ቂጣ ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ወደ ሽቦው ይመለሳሉ። ሳምንታት ሲያልፉ ግን የሚወጣው ሰው እየሳሳ መጣ። እንዲያውም ቦሎቄያቸውን በልተው የመረቁት ራሳቸው በሌላ መኪና ተመልሰው ሲገቡ ታዩ።

የአድማው አስተባባሪ አምብሮሲዮ ሌይቫ ስብሰባ ጠራ። ከከተማ የመጣ፣ ልቡ ንጹሕ፣ ትዕግሥቱ አጭር ሰው ነው። በማኅበራችን ሁሉም እኩል ነው ብሎ አንቱታን ያስቀረው እሱ ነው፤ ሽማግሌውንም አሮጊቷንም አንተና አንቺ ይላል። ገሚሱ ሰው፣ እነዚህ የሚገቡት የራሳችን ሥጋ ናቸው፣ አባል እናድርጋቸው እንጂ አናሳድዳቸው አለ። ገሚሱ ደግሞ፣ ድንበሩ እንዲህ ወለል ብሎ የትኛውም አድማ አያሸንፍም፣ ልጆቻችን እየተራቡ ማንን ነው የምናባብለው፣ ለሚግራ እንጠቁም አለ። ሚግራ የሚሏቸው የኢሚግሬሽን ፖሊሶቹን ነው። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነበር፤ ሰውን የሚያሳብደውም ይኼ ነው። በመጨረሻ እጅ ወጥቶ ጥቆማው አለፈ። ሊብራዳም እጇን አወጣች፤ እስከ ክርኗ ብቻ።

እጇን ያሰነፈው የኤርመሊንዳ ነገር ነው። ሁለቱ ላስ ፒላስ በሚባል መንደር አብረው ያደጉ፣ ወንዙንም አብረው የተሻገሩ ናቸው። ሊብራዳ ዋና አትችልም፤ ኤርመሊንዳ ናት በሹሩባዋ ጎትታ ያወጣቻት። ከዚያ አንዷ ቾንን አግብታ፣ ፈቃድ አግኝታ ቀረች። ሌላዋ እናቷን ልታስታምም ተመልሳ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። ልጇን ናቦርን ክርስትና ያነሣችው ሊብራዳ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመካከላቸው አንቺ መባባል ቀረ። በነሱ ዘንድ አበልጅ አንቱ ነው፤ ትናንት ፀጉር ለፀጉር ተያይዘው የተጎተቱ ባልንጀሮች ቢሆኑ እንኳ። በሹሩባዋ የጎተተቻትን ሴት «እንደምን አደሩ» ስትላት መጀመሪያ ሁለቱንም ሳቅ ያፍናቸው ነበር። ኋላ ተለመደ፤ ከደማቸው ገባ። አበልጇን አንቺ ያለች ሴት ክርስትናውን እንደካደች ትቆጠራለች።

ናቦር ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ኩላሊቱን ታመመ። የመድኃኒቱን ነገር የያዘችው የክርስትና እናቱ ናት፤ ከሎሚው የምታገኘውን አካፍላ ትልክ ነበር። አድማው ሲመጣ የምትልከው ጠፋ። ከሽቦው ማዶ ወዳለችው ሳን ሉዊስ በሚመላለስ ሹፌር፣ «አበልጄ፣ ጥቂት ይታገሡኝ፤ ልናሸንፍ ነው» ብላ ቃል ላከች። የመጣላት መልስ፣ «ስለኛ አያስቡ» የሚል ነበር። አያስቡ የሚለው ቃል ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ሰነባብቶ ለአድመኞቹ ቦሎቄ የምትቀቅለው ሴት፣ ኤርመሊንዳን ሳን ሉዊስ ገበያ ጓንት ስትገዛ አየኋት አለቻት። ሎሚ እሾኻም ነው፤ ያለ ጓንት አይለቀምም።

ሊብራዳ ይህን ለቾን ነገረችው። ቾን ወገቡን በጨርቅ ጠፍሮ የተኛበት ሆኖ ነገሩን ሊያቀልላት ሞከረ።

«ለቁልቋል ይሆናል እኮ። ላስ ፒላስ ከቁልቋል በቀር ምን አለ?»

«እስከ ክርን ነው አለችኝ፣ ቾን። ለቁልቋል እስከ ክርን?»

ከዚያ ወዲያ ሊብራዳ እህል አልወርድላት አለ። ኤርመሊንዳ ከሎሚው ውስጥ ካለች አበልጇን በገዛ እጇ ለፖሊስ ልትሰጥ ነው፤ ሳትኖር ለሷ ብላ ጥቆማውን ብታስቀር ደግሞ አድማው በከንቱ መሸነፉ ነው።

አንድ ማለዳ መኪኖቹ ገብተው ሲያበቁ አምብሮሲዮ አጠገቧ መጣ። «ተጣሪ» አላት። «ከወጡ ወጡ። ሰው ልቡ መለስለሱን ከአመላለሱ የምታውቂ አንቺ ነሽ። አይወጡም ካልሽ ሄጄ ለሚግራ እደውላለሁ።»

ማጉያውን አነሣች። ኤርመሊንዳ ብላ ልትጣራ ፈልጋ ነበር፤ አፏ እምቢ አላት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አበልጇን በስሟ ጠርታ አድማ ሰባሪ ማለት ይሆንባታል። ደግሞስ ባትኖርስ? ስለዚህ ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ወሰደችው። «ከላስ ፒላስ የመጣ ሰው ካለ ይውጣ። ማንም አይነካውም፣ እኔ አለሁለት።» ዛፎቹ ውስጥ የመቀሶቹ ድምፅ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ቀጠለ። ደግማ ለመነቻቸው፤ መቀሶቹ አላቆሙም። ሊብራዳ ስትፈራ ትቆጣለች፤ እንዲህ ናት እሷ። «እናንተ ርጥቦች! የሰው እንጀራ ነጥቃችሁ ነው ልጅ የምታሳድጉት? አታፍሩም?»

ያን ጊዜ ከዛፎቹ መሃል ጎርነን ያለ የሴት ድምፅ መለሰላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ! በልተሽ አድረሽ ነው የምትጮኺው። ተይን እንሥራበት!»

አድመኞቹ ሳቁ። ሊብራዳን ግን የወረራት ደስታ ነው። አንቺ ብላታለች! ድምፁ የሆነ ቦታ ነክቷት ነበር፣ አይካድም፤ ነገር ግን ቃሉ ከድምፁ በልጦ ተሰማት። ኤርመሊንዳ ብትሆን ምላሷ ይቆረጣል እንጂ አንቺ አይወጣትም። እንግዲያው አበልጇ እዚያ ውስጥ የለችም፤ ቤቷ ናት፣ ከልጇ ራስጌ ተቀምጣለች፣ ጓንቱም ለሌላ ሰው ነው። ወደ አምብሮሲዮ ዞራ፣ «እነዚህ አይወጡም። ደውል» አለችው። እሱ ሊደውል ሄደ። እሷ ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ ቦሎቄ አምጡልኝ አለች፤ ሳህኑን ጠርጋ በላች።

ሚግራዎቹ ሲደርሱ እርሻው ሰው አፈላ። ሯጩ ሮጠ፣ መሰላል ወደቀ፣ የተለቀመው ሎሚ በጫማ ተረጋገጠ። የተያዙት በቦዩ ድልድይ በኩል ወደ አውቶብሱ ሲያልፉ አድመኞቹ ያጨበጭባሉ። ሊብራዳም ታጨበጭባለች። ከወንዶቹ ኋላ፣ የባሏን ሸሚዝ የለበሰች፣ ጓንቷን ያላወለቀች፣ የሎሚ ከረጢቷ ከትከሻዋ ያልወረደ ሴት መጣች። የሊብራዳ እጆች ሳይገናኙ ቀሩ።

ወደ ፖሊሱ ሮጠች። በምታውቃት ትንሽ እንግሊዝኛ፣ ዘመዴ ናት፣ ልጇ ታሞባት ነው አለችው፤ ወደ ኋላ በዪ አላት። ወደ አምብሮሲዮ ሮጣ በክርስቶስ አስቁምልኝ አለችው። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ሊብራዳ፣ እኔ መጥራቱን ነው እንጂ መመለሱን አልችልም» አላት። እውነቱን ነው፤ ምን ያድርግ?

ከአውቶብሱ መስኮት ስር ስትደርስ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ ከአፏ የወጣው ሹክሹክታ ነው።

«አበልጄ፣ ስለምንዎት አልነበር? ምነው እኔ ነኝ ቢሉኝ?»

«ቢያውቁኝ ለኔ ብለው ከሰዎችዎ ጋር ይጣላሉ አልኩ» አለች ኤርመሊንዳ፣ በጓንቷ ጀርባ ዓይኗን እየጠረገች። «የናቦር መድኃኒት እስኪሞላ ለቅሜ ልሄድ ነበር። አንቺ ካልኩዎት አያውቁኝም ብዬ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ አበልጄ። ከአፌ እንጂ ከልቤ አልነበረም።»

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። አውቶብሱ ተነቃነቀ፤ ሊብራዳ በአቧራው ውስጥ ጥቂት ተከትላው ሮጠች፣ ከዚያ ቆመች። አምብሮሲዮ ለሚቀጥለው እርሻ ማጉያውን ሲያመጣላት አልተቀበለችውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው ያችን ሴት ስትጮህ ሰምቶ አያውቅም፤ ቾን እንኳ ቀልዱን ተወ።

አድማው ብርዱ ሳይወጣ ተሰበረ። ባለ እርሻዎቹ ሌሎች መኪኖች አስመጡ። ናቦር ግን ይህን ሳያይ ሞቶ ነበር። ሊብራዳ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ለልቅሶው ላስ ፒላስ ሄደች፣ ሰው ሁሉ እያያት ከአበልጇ ደጃፍ ላይ ተንበረከከች።

«ይስደቡኝ» አለቻት። «አንቺ ገዳይ ይበሉኝ። የሚገባኝ እሱ ነው። እባክዎን አንቺ ይበሉኝ።»

ኤርመሊንዳ ጎንበስ ብላ ክንዷን ያዘቻት።

«ይነሡ፣ አበልጄ፤ መሬቱ ይቀዘቅዛል» አለቻት። «ከናቦር የቀረችን ይህችው አንቱታ ናት። እሷንም ሊወስዱብኝ ነው?»