ሮዛ ጽዋ የተቀበለች ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከፔዳ ወደ ዓባይ ማዶ በባጃጅ ስመለስ አንዲት የውጭ አገር ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። የተጠቀለለ ፍራሽ ስላቀፈች ፊቷ የሚታየው ግማሹ ብቻ ነው። ሾፌሩ «የት ልውሰድሽ?» ሲላት በአማርኛ «አዲሱ ቤቴ» አለችው። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ድልድዩን ስንሻገር ግን ሐሳቤ ከሮዛ ጋር ነበር።

ሮዛ በወጣትነቴ ዘመን ከፊሊፒንስ የመጣች በጎ ፈቃደኛ ነበረች፤ ሥራዋ የአንደኛ ደረጃ መምህራንን በማስተማር ዘዴ ማገዝ ነበር። በአከራዬ በእትዬ ጥሩዬ ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለውን ተከራየች። እኔ ከገጠር፣ ከአንበሳሜ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ስለሆነ በሃያ ሁለት ዓመቴ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ፤ ቀን ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። እንግሊዝኛዬ ከመጽሐፍ የተለቀመ ነው፤ ዓይኔ እንጂ አፌ አያውቀውም። ያም ሆኖ ከግቢው የተሻልሁት እኔ ነበርሁና አስተርጓሚዋ ሆንሁ።

ሮዛን ሁሉም ያከብራታል። ችግሩም እሱ ነበር። ስትገባ ወንበር ይለቀቅላታል፤ በሯን ግን የሚያንኳኳ የለም። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ በቆሎ ስንበላ «ሰላም ይሉኛል፣ ከዚያ ያልፋሉ። እንዲህ ከቀጠለ ወደ ሌላ ከተማ እንዲያዛውሩኝ እጠይቃለሁ» አለችኝ። የማውቀውን ሥርዓት ላስተምራት ያዝሁ፤ በተለይ አንዱን አጥብቄ፦ ሰው የሚሰጥሽን ሁሉ ዝቅ ብለሽ በሁለት እጅሽ ተቀበይ።

የሰፈሩ ሴቶች የማርያም ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ በሃያ አንድ ተራ የደረሳት ትደግሳለች፤ ሲያበቃም የማኅበሩ ጽዋ በነጭ ጨርቅ እንደ ተሸፈነ ለሚቀጥለው ወር ደጋሽ ይሰጣል። ጽዋውን መቀበል ድግሱን መቀበል ነው። ያን ወር ተራው የእትዬ ጥሩዬ ስለነበር እኔና ሮዛም ተጠራን። በመጨረሻ እትዬ ጥሩዬ ጽዋውን ይዘው ተነሡና «እስቲ የሚቀጥለው የማን ነው?» አሉ። አጠገባቸው የነበረችው ሮዛ ብድግ አለች፤ ዝቅ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።



«ወይ ጉድ! ወሰደችው እኮ!» አለች ደብሬ፣ የሰፈሩ ቀልደኛ። «አንች አስተርጓሚ፣ ንገሪያት እንጂ!»

ነገርኋት። ደነገጠች፤ ጽዋውን ግን አልለቀቀችም። «መመለስ ነውር ነው?» አለችኝ። ነውር ነበር። ሁላችንም ወደ ማኅበሩ የንስሐ አባት፣ ወደ አባ ዞርን። እሳቸውም ጢማቸውን እየዳበሱ «ጽዋው እዚሁ ጥሩዬ ዘንድ ይደር፤ ድግሱ ግን የእሷ ነው። ማርያም ያልጠራችው እጁን አይዘረጋም» አሉ።

ሴቶቹ «አንች ቁጭ በይ፣ እኛ እንሠራልሻለን» አሏት። ሮዛ «ይኸ ለእንግዳ ነው» ብላ እንቢ አለች። ዳቦውን እኔ ልጋግር ተስማማን፤ ጠላው ግን የእሷ ሆነ። ጌሾውን ራሷ መርጣ ገዛች፣ ጋኑን በወይራ አጠነች፣ ጠነሰሰች። እስከዚህ እንከን አላገኘሁባትም። ከዚያ በኋላ ግን ጋኑን እንደ አራስ ልጅ በየጠዋቱ እየገለጠች ታየው ጀመር። «ተይው፣ ነፋስ አይወድም» ስላት «ማደጉን ልይ ብዬ ነው» ትለኛለች። በዋዜማው ቀመስነው። ኮምጥጦ ሆምጣጤ ሆኗል።

ወሬው እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም፤ ከእኔ አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ አንድ በአንድ ከነጠላቸው ሥር ጠላ የሞላ ጀሪካን እያወጡ መጡ። አንዷ «ተርፎኝ ነው» አለች። ሌላዋ «ቤቴ ጠብቦኝ ነው፣ እዚህ ይቀመጥልኝ» አለች። ሮዛ የተደረደረውን ጀሪካን አይታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የሚቀዳው ግን የእኔ ነው» አለች። ቃል በቃል ተረጎምሁላቸው።

በማግሥቱ የእሷ ተቀዳ። አባ ባርከው ተጎነጩ። ሰው ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቆይተው ገለጡ፤ «የዛሬው ንስሐዬ ተፈጸመ» አሉ።

ደብሬም ቀምሳ «ኧረ ይኸስ ጥርስ ይነቅላል!» ብላ መንጋጋዋን ያዘች። ከሁሉ ቀድማ የሳቀችው ሮዛ ናት፤ ለዚያ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ያን ሆምጣጤ እየተሳሳቁ እስከ አተላው ጨረሱት። ጀሪካኖቹ እንደ ሞሉ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ወር ማኅበር ሮዛ ከሥራ ስትመጣ ዘገየች። እትዬ ጥሩዬ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። «ዘግይተሻል። ቅጣትሽ አንድ ጧፍ ነው።»

«እትዬ፣ እንግዳ ናት እኮ» አልሁ።

«የምን እንግዳ? ደግሶ ያበላ ሰው እንግዳ ነው?»

ተረጎምሁላት። ሽልማት እንደ ተሰጠው ሰው እየሳቀች ወደ ሱቅ ሮጠች። የመዛወሩ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

እኔ ግን በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማዬ ላይ ቀረሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ማኅበሩ ስጠራ ብዘገይም ብቀርም አንድም ሰው ቀጥቶኝ አያውቅም። ሳስበው እንግዳዋ እኔ ነበርሁ። ሰዉ ሲበተን እንደ ምንም ደፍሬ «እትዬ፣ እኔስ ተራ የለኝም?» አልሁ።

«አፍሽን እስክትከፍች ስንጠብቅሽ ኖረን!» አሉኝ።

ያች የባጃጇ ልጅ ፍራሿን ታቅፋ ከእኛ ሰፈር ፈንጠር ብላ ወረደች። ወንበር የሚለቅላት አታጣም፤ እኔ የተመኘሁላት ቶሎ የሚቀጣት ጎረቤት ነው። እትዬ ጥሩዬ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ማኅበሩ ግን አለ። ባለፈው ወር መጽሐፍ ይዞኝ ዘገየሁና ልጃቸው በር ላይ ቆማ ጧፍ አለችኝ። ሱቅ ስደርስ ባለ ሱቁ ፊቴን አይቶ «ምነው እማማ፣ ዛሬ ደስ ብሎዎታል?» አለኝ።

«ተቀጥቼ ነዋ!» አልሁት።